መልመጃ አርባ

ላቲንና የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ፍልስፍና ሳስተምር ጸጉሬ ሸበተ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ግእዝ ቆጥሮ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ አንድ የካህናት ኮሌጅ ገብቶ መቅረቱ ለእናቴ አልገባትም። «የሞተ ቋንቋ ታስታምማለህ አሉ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ለውጡ በአገር ሲመጣ ኮሌጃችንንም ለውጥ አማረው። የተሾመልን የክፍል ኃላፊ በዕድሜ ያንሰኛል፤ ስብሰባ ይወዳል፣ «ለውጥ» ሳይል ሻይ አያዝም። የላቲንን ሰዓት በግማሽ ቀነሰው። እኔም በተረፈኝ ሰዓት ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሆን የላቲን መማሪያ መጻፍ ጀመርኩ። የመልመጃዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ከአገሬ ወሰድኩ፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይጎትታል፣ ነጋዴዋ ከውጫሌ ገበያ ትመለሳለች።

ሠላሳ ዘጠነኛው መልመጃ ላይ ስደርስ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወሉልኝ የእናቴ ጎረቤት፣ እህል ነጋዴው ሽማግሌ ነበሩ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። የቀረውን ሳይነግሩኝ አወቅሁት።

እናቴ የሞተችው ታማ ነው። ካህናቱም ዕድርተኛውም ሸሽተው ስለነበር ሽማግሌውና ሁለት ጎረቤቶች በአልጋ ተሸክመው ቀበሯት። «ወላሂ፣ በእጄ ነው አፈር ያለበስኳት። ፍትሐታችሁን አናውቀውም፤ ዱዓ አደረግንላት» አሉኝ።

አርባዋ አልፎ ነበር። ለቅሶ አልተቀመጥኩም፣ አላለቀስኩምም። በዚያው ሳምንት መልመጃ አርባን ጻፍኩ፤ እንደሌሎቹ በላቲን ብቻ፣ ተማሪው ራሱ እንዲተረጉመው። «እናቴ ሞተች። ጎረቤቶች ቀበሯት። ልጅዋ የት ነበር? ልጅዋ ያስተምር ነበር።» ተዝካሯ ይኸው ነው።

ጡረታ ስወጣ ረቂቁን ለኃላፊው ሰጠሁት። «እናሳትመዋለን» አለኝ። ሐይቅ እናቴ ቤት ገብቼ ስጠብቅ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ። መጽሐፉ ታትሟል፤ እሑድ ይመረቃል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ግን የኃላፊው ስም ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለውድ እናቴ» ብሎበታል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። እኔ ቂሙን ያዝኩና ጸሎቱን ተውኩት። እሱ ደግሞ ሳሉን አላወቀውም። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ መልመጃ የሚሠራ ሰው አይደለም። ቁጣ በአእምሮ ከታዘዘ ኃጢአት አይደለም እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያን እሑድ የኔ ቁጣ ታዛዥ ነበር፤ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሰዓቱን አክብሮ ነው የኮሌጁ አዳራሽ የገባው።

የኃላፊው እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። አስተያየት ሲጠየቅ እጄን አነሳሁ።

«ደራሲው መልመጃ አርባን ቢያነቡልን?»

ሲያየኝ ደነገጠ፤ ግን ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል። መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። «ማቴር ሜያ ሞርቷ ኤስት...» ሲያነብማ ያምርበታል።

«ትርጉሙንም፣ እባክዎ» አልኩ።

«እናቴ...» አለና ቆመ። ከገጹ ሥር ትርጉም ፈለገ፤ የለም። ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎቼ ማጉረምረም ጀመሩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

«እናቴ ምን? ምን ይላል?» አሉ አሮጊቷ።

«እናቴ ሞተች ይላል» አልኩ እኔ። «ጎረቤቶች ቀበሯት፤ ልጅዋ የት ነበር ይላል።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔን ነው?»

ልጃቸው መጽሐፉን ከደነ። ወደኔ ተመለሱ። «ታዲያ የሞተችው የማን እናት ናት?»

«የኔ ናት፣ እማማ። መጽሐፉም የኔ ነው።»

ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ወንበር ለወንበር እየተደገፉ ኋላ ድረስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ያዙ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ። ለቅሶ ሳልደርስህ ቀረሁ» አሉ።

እጄን ያላስለቀቅኳቸው መጀመሪያ እሱ እንዲያይና እንዲቃጠል ብዬ ነበር። የእናቱ ወንበር ፊቱ ባዶ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ከዚያ ግን ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ እናቴን እዚያ፣ በጠላቴ እናት ትከሻ ላይ አለቀስኳት።

እሱን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።