በማን ክንድ?

ሎክዳውኑ ላላ ሲል አንድ ማስክ ያጠለቀ ሰው በስደት ወደምንኖርበት ዮቪል ሰፈር፣ ቤታችን መጣ። የልጅ ልጄ ናታን የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ሰውየው ለውጭ አገር ቡድን ሊያስፈርመው ክንዱን በሜትር ለካ።

የቦዲቲ ገበያ ታየኝ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ጥጥ ጥጥ የሚሸት ሸማ ልንገዛ ሄድን። ነጋዴው ከሸማኔ የሚገዛው በረጅሙ ወንድሙ ክንድ ለክቶ ነው፤ ለእኛ ሲሸጥ ግን በራሱ አጭር ክንድ ይለካል።

"በማን ክንድ ነው?" አለችው አያቴ።

"በእግዜር ክንድ" ብሎ ሳቀ።

"የእሱ ረጅም ነው። ይምጣና ይለካልን።"

ማስክ ያጠለቀው ሰውዬ የውሉን ወረቀት ዘረጋ። "ክንዱ ደህና እስከሆነ ደመወዙ አይቋረጥም" አለኝ።

"ደህና መሆኑን የሚለካው ማነው?"

"የእኛው ሐኪም ነው፣ ጎጎ" አለኝ፤ እዚህ አገር አያትን እንዲህ ነው የሚጠሩት።

"አያቴ፣ ፕሊስ፣ ተይው" አለ ናታን፣ እስክሪብቶ ይዞ።

መዳፌን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ አላነሳሁትም።