ዝናብ የረሳ ስሌት

አሰብ ወደብ ላይ ሥራዬ ሰዓት መያዝ ነበር። ክሬኑ ከመርከብ ሆድ ስንዴ አንስቶ ካሚዮን ላይ እስኪያወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መመዝገብ፣ አለቀ። ጉድ የሠራኝም ይኸው ሥራ ነው። መርከበኞች የጣሉትን የእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም ጋዜጣ እየለቀምኩ፣ እያንዳንዱ ፈረስ ከዚያ በፊት የሮጠውን ርቀት ለፈጀበት ሰዓት አካፍዬ የፍጥነት ቁጥር አወጣና የሚቀጥለውን አሸናፊ እገምታለሁ። ከዚያ ውጤቱን ከለንደን ሬዲዮ እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግምቴ ስለሚሰምር ልቤ አብጦ ነበር።

ያን ዓመት እኔና ጓደኛዬ የክሬኑ ኦፕሬተር ለተመሳሳይ ወር የዓመት ፈቃድ ጠየቅን። ጓድ ኃላፊያችን «አንዳችሁ ብቻ! ተስማሙና ንገሩኝ» አለን። ሙቀቱ ብረት እንኳ የማያስነካበት ወር ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ወጥቶ ትንሽ ሊተነፍስ ነው ያማረው። የእኔ ግን ሌላ ነው። ኪሴ ውስጥ የእህቴ ደብዳቤ አለ፦ «እማዬ በጣም ደክማለች። ዓይኑን ሳላይ እንዳልሞት እያለች ነው። ቶሎ ና።»

ይህን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ልመና መሰለኝ። የሚያሸንፍ ቁጥር በእጄ ይዤ ምን አስለመነኝ?

«በቃ፣ ዕጣ እንጣጣል» አለ ጓደኛዬ።

«ዕጣ ምን ያደርግልናል? በፈረስ እንወራረድ» አልኩት፣ እኔ ቀበጡ።

«ጤና የለህም እንዴ አንተ?» ብሎ ሳቀ። ጋዜጣው ላይ ለመጪው ትልቅ የለንደን ውድድር ከነፎቷቸው ከወጡት ፈረሶች እኔ ቁጥሩ የበለጠውን ያዝኩ። እሱ እግረ ወፍራሙን መረጠና «ይሄ ካሚዮን ነው!» አለ።

በውድድሩ ቀን ጠዋት ሬዲዮው ለንደን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ እንዳደረ ተናገረ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ፈረስ መቀየርም እችል ነበር። ግን ዝናብ በዓመት አንዴ ለይምሰል ጠብ በሚልበት አገር ስድስት ዓመት የኖረ ሰው፣ ዝናብ ሲሉት ጭቃ ትዝ ይለዋል? «ታድለው!» ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን ከበን ተቀመጥን። ፈረሴ እስከ ግማሽ መራ። ከዚያ ጭቃው ያዘው፤ ካሚዮኑ አልፎት ሄደ። እንግሊዝኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ ብዋሽ ማን ያውቅብኛል? ግን ኩራቴ እዚህም አልለቀቀኝም።

«አሸነፍክ» አልኩት።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ ሸኘሁት። ደብዳቤው ያኔም ኪሴ ውስጥ ነበር። እሱ በሄደ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌግራም ደረሰኝ። እናቴ ተቀብራለች።

ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አንተ ጨካኝ! አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? እኔኮ ሲኒማ ስገባ ነው የከረምኩት!» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔን እንባም እምቢ አለኝ።