በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ መስገድ

ከሰፈሬ ከማራኪ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እህቴ ጥሩወርቅ ከአልጋ መነሳት አቅቷታል፤ ማኪናው ደጅ ላይ ይጮኻል፤ ጀርመን ያለችው ልጄ የላከችልኝ ቪዛ ጊዜው ሊያልፍ ነው። እግሯን ስሜ፣ «ከዚህ አልጋ እስክትነሺ ጠዋት ጠዋት ስላንቺ እሰግዳለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

«ሸጋ! በዚያ ጉልበትሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። «እኔስ ተኝቻለሁ፤ የምታሳዝኚው አንቺ ነሽ።»

እናንተዬ፣ ሰማይ ለሰማይ ውዬ አገሩ ገባሁ። ቧንቧቸው ፍል ውሃ ይሰጣል፤ እንደ አገር ቤት ፍል ውሃ ፍለጋ ዋንዛዬ መውረድ የለ። ብርዱ ግን የደባርቅን ውርጭ ያስመሰግናል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ ሳላምጠው ግን እንጀራችን ትዝ አለኝ።

ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን አደግድጌ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። የማራኪው ቤቴ ወለል አፈር ነው፤ ቢወድቁበት ዝም ይላል። እዚህ ወለሉ የሌላ ሰው ጣሪያ ነው። ይህን ማን ነገረኝ!

አንድ ቀን ሀውስማይስተሩ መጣ። ሀውስማይስተር የፎቁ ጭቃ ሹም በሉት። ልጄ አበባ ታስተረጉማለች።

«ጠዋት ጠዋት የሚወድቀው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታመዋል? ሐኪም ይጠራ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ። ወድጄ ነው የምወድቀው።»

«ከወደቁ በኋላስ?»

«እነሳለሁ።»

«ለምን?»

«ምነው፣ ደግሜ ልወድቅ ነዋ!»

አልሳቀም። እዚህ ሩሄ የሚሉት አለ፣ ጸጥታ ማለት ነው፤ እኛ ታቦት እንደምንፈራ እነሱ ሩሄን ይፈራሉ። ድምፅ ዳግም ከተሰማ ቤቱን ትለቃላችሁ ብሎ ሄደ። ልጄ ስንት ደጅ ጠንታ ያገኘችውን ቤት! «እማዬ፣ ተቀምጠሽ ብትጸልዪስ?» አለችኝ እንባዋ ሞልቶ። ስለቴን ብተው እህቴ፣ ብቀጥል ልጄ።

ታዲያ በአገራችን ያስቀየመ ሰው ምን ያደርጋል? ከግቢው አንድ ድንጋይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ከወለላችን ሥር የምትኖረውን ሴትዮ ደጅ አንኳኳሁና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አበባ በደረጃው እየሮጠች ትመጣለች፣ «እማዬ፣ ጣይው! ልትመቺያት የመጣሽ ይመስላታል!»

ሴትዮዋ፣ ኡርዙላ ነው ስሟ፣ በሩን ከፍታ ደነገጠች። ልጄ ስታስረዳት ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻዬ አወረደችው። ከዚያ አለቀሰች። «እኛም በማኅበራችን በድንጋይም በስግደትም እንዲህ እናደርጋለን፤ ረቡዕ ነይና እዪ» አለችኝ።

ሄድኩ። ሰፊ አዳራሽ፣ ወፍራም ምንጣፍ። ስዕል የለ፣ መስቀል የለ፤ ግን ጫማ ይወልቃል። ሁሉም ፀጉራቸው የሸበተ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋደመ፤ ሲተነፍስ ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ይላል። ማንም አላጽናናውም፤ ሁሉም አብረውት ይተነፍሳሉ። ቆይቶ ድንጋዩን አኖረውና ግንባሩን መሬት አስነካ፤ ሁሉም ተከትለውት ወደቁ። ቅዳሴ መሀል የቆምኩ እንጂ ሌላ አልመሰለኝም።

«ለማን ነው የምትሰግዱት?» አስጠየቅኩ በልጄ።

«ለማንም አይደለም» አለች ኡርዙላ። «ልባችን ያቃተውን ሰውነታችን እንዲጀምርልን ነው።»

ፈራሁ። ግን ሽማግሌው ሲነሳ ፊቱን አየሁት፤ ከጠበል የወጣ ሰው ፊት ነው። አማተብኩና፣ የጌታዬን ስም ጠርቼ፣ ከእነሱ መሀል ወደቅሁ። ምንጣፉ ድምፄን ዋጠው። ኡርዙላም ጠዋት ጠዋት አዳራሹን ትከፍትልኝ ጀመር፤ ሀውስማይስተሩም አልተመለሰ።

ትናንት ለጥሩወርቅ ደወልኩ። «ተነሳሽ ወይ?»

«ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ።»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ለማንም ካልሰገዱ፣ ሲወድቁ ማን ያነሳቸዋል?» አለችኝ።

«እኔንም የሚገርመኝ እሱ ነው እቴ። ግን ይነሳሉ።»

«እንግዲያ ያን ሽማግሌ ስለኔም አንዴ ይውደቅ በዪው» አለች።

ሳሏ መጣባትና ስልኩን ሳትዘጋው አጠገቧ አኖረችው። እኔም አልዘጋሁም። ትንፋሿን ስሰማ ቆየሁ።