የላሊሴ መዝሙሮች

ባለፈው ሳምንት የልጄ ላፕቶፕ አልከፈት ብሎ ኮምፒውተር ቤት ይዘነው ሄድን። ወጣቱ ባለሙያ ነካካና «ፎርማት ያስፈልገዋል። ፋይሉን ባክአፕ ይዤ እመልስላታለሁ፤ ነገ ኑ» አለ። እኔ ግን አልሄድም አልኩ። ወንበር ስቤ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሲጨርስም የያዘውን ቅጂ እፊቴ እንዲያጠፋው ጠየቅኩት። ልጄ አፈረችብኝ። «አባዬ፣ ሰውየውን እኮ ሌባ አደረግከው» አለችኝ ስንወጣ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም።

በወጣትነቴ ከኪራሙ መጥቼ ነቀምቴ ተማርኩና እዚያው ከመናኸሪያው በታች ባለች ኮምፒውተር ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ለታመመ ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒታችን ፎርማት ነበር። የደንበኛውን ፋይል ወደ ሱቁ ኮምፒውተር እንገለብጣለን፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጭናለን፣ ፋይሉን እንመልሳለን። ከዚያ ቅጂውን እናጠፋለን፤ ዘፈንና መዝሙር ካለበት ግን እሱን ለሱቁ እናስቀራለን። ሚሞሪ ካርድ ይዞ ዘፈን ለማስጫን የሚመጣው ሰው ብዙ ስለነበር፣ ከአንዱ ደንበኛ የቀረው ለሌላው ይሸጣል። ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ያደርጉ ነበርና ነውር ነው ያለን አልነበረም።

አንድ የክረምት ቀን ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ከዲጋ መጡ። ላፕቶፑን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«አከም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ነህ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ የልጄ የላሊሴ ነው። እሷ አሁን በሕይወት የለችም። በራሷ ድምፅ የቀረጸቻቸው ሦስት መዝሙሮች አሉበት። ሌላው ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ እነሱ እንዳይጠፉብኝ።»

«አይጠፉም» አልኳቸው።

«ለእኔና ለእናቷ ብላ ነው የዘመረችው። ለሌላ ሰው አልሰጥም ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር። እናቷ ገና ድምፅዋን መስማት አልቻለችም፤ ስትበረታ እኔ ራሴ አሰማታለሁ።»

ዊንዶውሱ እስኪጫን ከደጅ ሁለት ጥብስ በቆሎ ገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ዝናቡን እያየን አብረን በላን። ፋይሎቹን መልሼ ስጨርስ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ትንሽ ሰምተው አወለቁት፤ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና መርቀውኝ ሄዱ።

ቅጂውን አላጠፋሁም። በዚያው ሳምንት የማውቀው ባለባጃጅ መጥቶ «ሌላ ሱቅ የሌለ መዝሙር ስጠኝ» ሲለኝ የላሊሴን ከፈትኩለት። ድምፅዋ አንጀት ይበላ ነበር። ትንሽ አመነታሁ፤ ግን ጫንኩለት። ለምን ብትሉኝ፣ ሌላው ዘንድ የሌለ ነገር እኔ ዘንድ መገኘቱ አኩርቶኝ ነው። ብዙም ሳይቆይ መዝሙሩ በየባጃጁ ይሰማ ጀመር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ኦቦ ቶለራ ተመልሰው መጡ። ገና ሳያቸው ያደረግኩትን ሰምተው የመጡ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ሃዳ ላሊሴ ገበያ መጥታ ባጃጅ ውስጥ ሰማችው» አሉኝ፤ የላሊሴን እናት ማለታቸው ነው። «አስቁማ ወረደችና ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ሰው ደግፎ አነሳት።» «ለጓደኞቿ አድላው ነበር ማለት ነው። ልጄ ትዋሸኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ከኪሳቸው ሚሞሪ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። «አሁንማ ሰምታዋለች፤ በየሱቁም ደርሷል አሉ፤ እስቲ ጫንላት።»

ጫንኩ። እውነቱን መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

«ኦቦ ቶለራ…» አልኩ።

«አቤት ልጄ።»

«ሌላ የሚጫን አለ?»

«የለም፣ ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ወጡ።

ዲጋ ድረስ ሄጄ ልነግራቸው ስንት ጊዜ አሰብኩ። ሩቅ ሆኖብኝም አይደለም፤ ሚኒባሱ በደጃችን ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ነገ ስል ሱቁን ለቀቅኩ፣ ሌላ ከተማ ገባሁ፣ አግብቼ ወለድኩ። እሳቸው ካረፉ ዓመታት ማለፋቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው።

መዝሙሩን ብዙ ሰው እንደወደደው ለራሴ እየነገርኩ ልጽናና እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም። ኦቦ ቶለራ ከእንግዲህ መልስ ልትሰጥ የማትችል ልጃቸውን እንደ ተቀየሙ ኖሩ፤ እንደ ተቀየሙም ሞተው ይሆናል። ላሊሴ ግን ቃሏን ጠብቃ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።