የኮቱ ቀኝ እጅጌ

ልብስ ሰፊው ቲያትር አይወድም። ሰው የሌላውን ጠብ ለማየት ወንበር ላይ ተደርድሮ መቀመጡ አይገባውም። ጠብ ያማረው ከደባል ጋር ይኑር፤ እሱ ስድስት ዓመት ኖሮታል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ የመጣውም ታላቅ እህቱ ጎትታው ነው።

«የሰፋኸውን ኮት መድረክ ላይ ሳታየው?» አለችው። «ኧረ አንዳንዴ እንኳ ሰው ሁን!»

ኮቱን ያዘዘችው የቲያትር ቡድኑ ጸሐፊ የሆነች መምህርት ናት። ልኩን በወረቀት ጽፋ መጣች። «ለአንድ ነጭናጫ ሰውዬ ነው፤ መጨረሻ ላይ አውልቆ ለደባሉ ያለብሰውና ይቅርታ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን» አለችው። ገበሩን ሙልጭልጭ ያለ ጨርቅ አደረገላት። ቀኝ እጅጌውን ገና በጊዜያዊ ክር ብቻ እንደያዘው ግን ልምምድ ደረሰ ብላ ነጥቃው ሄደች። ያልጨረሰው ሥራ ከእጁ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

መጋረጃው ተከፈተ። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ኮቱን የለበሰው ሰውዬ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ፣ ደረቱ ላይ መርፌ ደርድሮ፣ ተንበርክኮ ወለሉን በጠመኔ ለሁለት ይከፍላል።

«ከዚህ ወዲህ የኔ ነው! የካልሲህ ሽታ እንኳ እንዳያልፍ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው እጁን ጉልበቱ ላይ እንደጫነ ደርቆ ቀረ። በጠመኔ የሚያሰምረው ሰውዬ ራሱ ነው። ቲያትሩን የጻፈውም፣ እሱን ሆኖ የሚጫወተውም ፉጨት።

ፉጨት ማለት ያ ደባሉ ነው፤ ፖስታ አዳይ። ገና ሳይነጋ ጫማውን እየወለወለ የሚያፏጭ፣ እርጥብ ፎጣውን የሰው ትራስ ላይ የሚጥል። መስመሩ ተሰምሯል፣ ውሸት አይደለም። የተሰመረው ግን ፉጨት ቅባት የነካ ሳህኑን ለሙሽራ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ባስቀመጠ ቀን ነው፤ የሳህኑ ነገር መድረኩ ላይ የለም። ከሰባት ዓመት በፊት ፉጨት አንድ ጠዋት ሳይሰናበት ሲወጣ፣ ልብስ ሰፊው ከአባቱ የወረሰውን መቀስ ይዞ መሄዱም የለም።

«አንተን እኮ ነው!» እህቱ በክርኗ ጎሰም አደረገችው፤ በሳቅ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አቤት፣ አስነጣጠሱ እንኳ!»

«ዝም በይ፣ እትዬ።»

«ምን አጠፋሁ? ቁርጥ አንተን!»

ከኋላ አንዱ «ሰፊያችን! እዚህ ነህ ወይስ እዚያ?» ብሎ ጮኸ። አንገቶች ዞሩ። ልብስ ሰፊው ፊቱ ጋለ። የመምህርቷ ቃል ትዝ ያለው ያኔ ነው። መጨረሻ ላይ አውልቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ማን? እሱ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ እጁ በሰፋው ኮት፣ በፉጨት አፍ፣ ፉጨትን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ከነገ ጀምሮ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ «እንኳን ታረቃችሁ» ሊለው ነው።

ደባል ሆኖ የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪ በጠቡ መሃል የፉጨትን ክንድ ሲጎትት፣ ቀኝ እጅጌው ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። መጋረጃው ለእረፍት ሲዘጋ መምህርቷ ጎንበስ ብላ እየሮጠች መጣች። የማን ታሪክ እንደሚጫወቱ እሷ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይድረሱልን! መርፌ ይዘዋል?»

ክር የገባበት መርፌ ኮሌታው ሥር ሳይሰካ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። እምቢ ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ተከተላት።

ፉጨት ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያልበዋል።

«ሆን ብለህ ነው አይደል? ልታዋርደኝ!» አለ ገና ሲያየው።

«ሳልጨርሰው የነጠቃችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«ላውልቀው?»

«ጊዜ የለም፣ ገላህ ላይ እሰፋዋለሁ። እንዳትንቀሳቀስ፤ መርፌዬ ጨርቅና ሥጋ አይለይም።»

«ዛሬም ያው ነህ!» ፉጨት ሳቅ አለ። «ሰዉ እንዴት እንደሚስቅብህ ሰማህ?»

«መቀሱን ረሳኸው።»

«የምን መቀስ?»

«ከቲያትሩ ውስጥ። ሁሉን አስገብተህ መቀሱን ረሳኸው።»

የፉጨት ጆሮ ቀላ።

ልብስ ሰፊው ክሩን ደረበ። እጅጌውን ከትከሻው ጋር ሰፋ። እዚያ አላቆመም፤ መርፌውን ወደ ውስጥ አዘለቀና ገበሩን ከሸሚዙ ጋር፣ ብብቱን ዙሪያውን፣ ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ሰፋው። እንደዚያ ያማረ ስፌት ለሙሽራም ሰፍቶ አያውቅም። ሲጨርስ መዳፉን ዘረጋ።

«መቀስ።»

ፉጨት ወለል ወለሉን አየ። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጥሶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ዳቦ ጋጋሪው ታሞ አልጋው ላይ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ፉጨት ድምፁን አሳዝኖ «ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ...» አለና ግራ እጁን ከኮቱ አወጣ። ቀኙን ሳበ። አልወጣም። ደግሞ ሳበ፤ ሸሚዙ ከሱሪው ተመዞ ሆዱ ታየ። በሽተኛው ከአልጋው ተነስቶ ይጎትት ገባ። ተሽከረከሩ፣ ተጠላለፉ፣ ጠመኔው መስመር ላይ አብረው ተዘረሩ። ሰዉ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ ሲስቅ፣ ይቅርታ የምትለዋ ቃል ተብላም እንደሆነ የሰማት የለም። ፉጨት በተጋደመበት ቀና ብሎ በዓይኑ አዳራሹን በረበረ። ልብስ ሰፊውን አገኘው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን አልሰበረም።

እህቱ ሳቋ ተቋረጠ። «ምን አድርገህበት ነው?»

«ሰፋሁለት።»

«ታዲያ አሁን በምን ሊፈታው ነው?»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ ባርኔጣውን ደፋ።

«መቀሴ እሱ ጋ ነው» አላት።