መንደራችን በጂዳ

የእኛ ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የቆመ ማህበር ቢሆንም፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከወሩ ስብሰባ በኋላ የአካባቢያችን ታሪክ ይወራበታል። ሐሳቡን ያመጡት ከመካነ ሰላም ከተማ ጡረታ ወጥተው የተመለሱት መምህር፣ ጋሼ አስናቀው ናቸው። ስለ መቅደላ ተወርቷል፤ መንገዱ እንዴት እንደተጠረገ፣ ወፍጮው መቼ እንደገባ ተወርቷል።

አንድ እሑድ ጋሼ አስናቀው፣ "የሚቀጥለው ወር ተናጋሪ ሱሀይላ ናት" አሉ።

ሱሀይላ ጂዳ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ለእናቷ ለእትዬ ፈይዛ የቆርቆሮ ቤት አሠርታለች፤ ስላሳለፈችው ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እናትየዋም ክፉ እንዳይሰሙ ፈርተው አይጠይቋትም።

"እኔ ምን ታሪክ አለኝ፣ ጋሼ?" አለች ደንግጣ።

"ልጁን ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤት እዚህ አለ? ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምኑ ነው ታሪክ? ደስ ያለሽን ያህል ብቻ ንገሪን።"

ቀኑ ደርሶ ብድግ አለች። እናቷን ላለማየት ወደ በሩ ዞራ ጀመረች።

"የቤቱ እመቤት እናት ዓይነ ስውር ነበሩ። ሀጃ እላቸዋለሁ። ቀን ቀን ከእሳቸው ጋር ብቻችንን ነን። ዓረብኛው ሲገባኝ 'አገርሽ ምን ይመስላል?' አሉኝ። ስለ ምንጩ ነገርኳቸው። በማግስቱ 'ከምንጩ በላይ ማን ይኖራል?' አሉ። እንዲህ እያልን መንደሩን ቤት ለቤት ዞርነው። ሁላችሁንም ያውቋችሁ ነበር።"

"እኔንም?" አሉ አያ ያሲን ከኋላ።

"እርስዎንማ! በሬዎ ገደል ገብቶ ያለቀሱትን ነግሬያቸው፣ 'ያሲን ሌላ በሬ ገዛ ወይ?' እያሉ ያስቸግሩኝ ነበር።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

"የእትዬ የሻለም ልጅ ታመመ ስላቸው ዱዓ አድርገውለታል።" እትዬ የሻለም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። "ክፉ ቀንም ነበር። እመቤቲቱ ስትጮህብኝ ሀጃ ጠርተው 'ዛሬ ማን ቤት ደርሰናል?' ይሉኛል። ስነግራቸው እዚህ የመጣሁ ይመስለኛል። ሳይሰሙ የሞቱት የእማን ቤት ብቻ ነው። ልጀምር ስል እንባዬ እየቀደመኝ አልቻልኩም።"

እትዬ ፈይዛ ተነሥተው አጠገቧ ሄደው ቆሙ። በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"የእኛን ቤት እኔ ልንገር" አሉ እጇን ይዘው። "ስልክ የሚሰማው ጉብታው ላይ ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች ብዬ እወጣለሁ። ሳትደውል ስትቀር ወርጄ፣ 'ልጄ ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች' እያልኩ ጎረቤቱን እዋሸው ነበር። ማዘኔን ካዩ የከፋ ነገር የሚደርስባት ይመስለኝ ነበር።"

"እማ፣ እኔ'ኮ ሳልደውል ስቀር፣ ኔትወርክ የለም ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች እያልኩ..."

"ዝናብ ላይ ቆሜ ነበር፣ የእኔ ልጅ።"

ሱሀይላ አንገታቸው ሥር ገባች። ጋሼ አስናቀው ስብሰባውን መዝጋት ረስተው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። ሰዉ እንደ ልቡ ተበተነ። እናትና ልጅ ዳገቱን ሲወጡ ትንሽ እየሄዱ፣ ትንሽ እየቆሙ፣ አንዷ የሌላይቱን አፍ እየቀማች ሲያወሩ ከሩቅ አየኋቸው።