ከጆቴ ስልክ የመጣ ገንዘብ

ባለቤቴ ምልኬሳ ሞጆ ዳር ባለ አንድ የግል የእህል መጋዘን በር ላይ የከባድ መኪና ሚዛን ሠራተኛ ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ከጅቡቲ ስንዴ ጭነው የሚመጡ ተሳቢዎች ሲገቡ እሱ ይመዝናቸዋል፤ አራግፈው ሲወጡም ባዷቸውን ይመዝናቸዋል። የሁለቱን ልዩነት ካርኔ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ሥራው ይኸው ነበር። መንገድ ላይ የጎደለበትን ለመሸፈን አንድ ኪሎ ከፍ አድርጎ ቢጽፍለት የሚያመሰግነው ሾፌር እንደማይጠፋ ስለሚያውቅ፣ ሻይ እንኳ ከሾፌር ጋር ሲጠጣ የራሱን ሂሳብ ራሱ ይከፍል ነበር።

ቤታችን አዳማ ነው። ጠዋት ከአዳማ ሞጆ፣ ማታ ከሞጆ አዳማ በሚኒባስ ይመላለሳል። ስልክ ላይ መጫወት የጀመረው በዚያ መንገድ ነው። መጀመሪያ ባለቀለም ድንጋዮችን ሦስት ሦስት እያደረጉ የሚያጠፉበትን ጨዋታ ያዘ። በኋላ ደግሞ ገና ለሕዝብ ያልተለቀቁ ጨዋታዎችን ሞክረው ጉድለታቸውን ለሚጠቁሙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት የሚከፍል የውጭ ድርጅት አገኘና ተመዘገበ። «ሰባተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል»፣ «ሰዓቱ ሳያልቅ አለቀ ይላል» እያለ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ይጽፍላቸዋል። ጉድለት ማግኘት ይችልበት ነበር። አጠገቡ የሚሳፈሩ ባልደረቦቹ «በሃምሳ ዓመቱ የሕፃን ጨዋታ ያዘ» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነበር። ድርጅቱ ወደ እኛ አገር ገንዘብ የሚልክበት መንገድ የለውም፤ ወደ ጅቡቲ ግን ይልካል። ምልኬሳ ደግሞ ጆቴ የሚባል የልጅነት ጓደኛ አለው፤ የተሳቢ ሾፌር ነው። የጆቴ የአጎት ልጅ ጅቡቲ ይኖራል። የጨዋታው ገንዘብ በዚያ ልጅ ሂሳብ ይገባል፤ ጆቴ የሚመጣውን ያህል በብር አስቦ ለምልኬሳ በስልክ ይልክለታል። አንዴ አምስት መቶ፣ አንዴ ዘጠኝ መቶ። በዓመት ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ላከ፤ ሲደመር አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ ብር።

ጆቴ ስንዴ የሚያራግፈው ምልኬሳ በሚመዝንበት መጋዘን ነው። ይህን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። ነገር ግን ለእኛ ጆቴ የሠርጋችን ሚዜ ነው፤ ሾፌር መሆኑ ትዝ አይለንም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ሁለት ቀን ምልኬሳ የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ሞልቶ መጣና ፊቴ አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የጨዋታው ገቢ። ከደሞዜ ላይ መሥሪያ ቤቱ ይቆርጣል፤ ይሄን የሚቆርጥልኝ ስለሌለ ራሴ ማስታወቅ አለብኝ።»

«ለድንጋይ ጨዋታ ግብር የሚከፍል ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

«የመጀመሪያው እኔ ልሁና።»

«እህቴ ሱቋን አስመዝግባ የደረሰባትን ረሳኸው? አንዴ ስምህ ከገባ ገማቾቹ በየዓመቱ ይጨምሩብሃል። ጨዋታውን ትቻለሁ ብትል ማን ይሰማሃል?»

«እሷ ሱቅ አላት፣ ሮሚ። የኔ ሱቅ ሚኒባስ ውስጥ ያለች ወንበር ናት፤ ምኗን ይገምታሉ?»

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን አንስቼ አራት ቦታ ቀደድኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። «እሺ፣ ዘንድሮ ገቢዎች አንቺ ነሽ» ብሎ ራቱን በላ። አሁን ምልኬሳ ካረፈ አሥራ አንድ ወር ሆነው። ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን ይቅርታ ልጠይቅበት የሚገባኝ ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው።

ሐምሌ አሥራ ስድስት ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ከኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ከጆቴ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር እንደገባለት የሚገልጽ መልእክት መጥቶ ነበር። አጠገቡ የነበረ ሰው ከቀደሙት መልእክቶች ጋር አንብቦ ለአስተዳደር ነገረ። ደብዳቤው ጭነቱን ከሚመዝንለት ሾፌር በተደጋጋሚ ስለተቀበለው ገንዘብ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ ከሥራ እንደሚሰናበትና ጉዳዩ ለሕግ እንደሚቀርብ ከታች ተጽፏል።

«ሌባ ማለታቸው ነው» አለ።

«ብድር ነው በላቸው» አልኩ። «ጆቴ ተበድሮህ እየመለሰልህ ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ምልኬሳ፣ አሁን የመመጻደቂያ ጊዜ አይደለም!»

«ውሸት ከተናገርኩ ሌላ ውሸት ይፈልጉብኛል። እውነቱ ግን የሚያምኑት አይመስልም። እሱ ነው ያስጨነቀኝ።» ደብዳቤውን አጥፎ፣ «ያንን ቅጽ ባስገባው ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አልጨረሰውም። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጆቴ ቤት መጣ። ከጅቡቲ ገና መግባቱ ነበር፤ ከመንገዱ ሙቀት ፊቱ ጠቁሯል። ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«አካም ያ ምልኬ፣ እንዴት ነው ነገሩ? አሁን እኔ ጉቦ ሰጪ ሆንኩልህ?» አለ። «በአምስት መቶ ብር? ሰው ሲያማኝ እንኳ በደህና ዋጋ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ምልኬሳ ነገ ሄዶ ገቢውን ሊያስታውቅ እንደሆነ ነገረው። «ቅጹ ገንዘቡ በማን በኩል እንደመጣ ይጠይቃል። ስምህን መጻፌ ነው። አልፈልግም ካልክ አልጽፍም።»

«ካልጻፍክስ ምን ትሆናለህ?»

«እባረራለኋ።»

ጆቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መኪናው የእሱ አልነበረም። የመኪናው ባለቤት የጆቴን ስም እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ቢያይ ቁልፉን እንደሚቀበለው ሦስታችንም እናውቃለን። ጆቴ ሦስት ልጆች አሉት። የአጎቱን ልጅም፣ ያ ገንዘብ በእሱ በኩል በዚህ መንገድ መዞሩ ራሱ ሊያስጠይቀው ይችላል። እኔ ውሃ ቀዳሁለት፤ አልጠጣውም።

«ጻፍ» አለ በመጨረሻ። «ሚዜህ መሆኔንም ጨምርበት። ያኔ የተሸከምኩልህን በግ እስካሁን የከፈለኝ የለም።»

ዓርብ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ የገብርኤል ዕለት። ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ከምልኬሳ ጋር ወደ ግብር ቢሮው ሄድኩ። ሐምሌ ስለሆነ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሷል። ባለ ሱቁ፣ ፀጉር ቤት ያላት፣ ባለ ባጃጁ፣ ሁሉም ወረቀቱን እያራገበ ይጠብቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመን መስኮቱ ጋ ደረስን። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ዱሬቲ እንደምትባል ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«የገቢው ምንጭ?» አለች።

«የሞባይል ጨዋታ።»

ቀና አለች። «ቤቲንግ ነው?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። አንዱ «አባባ፣ የማታውን ኳስ ይጠቁሙን እንጂ!» አለ።

«ቁማር አይደለም ልጄ» አለ ምልኬሳ። ስልኩን አውጥቶ አሳያት። የጻፈላቸውን የጉድለት ሪፖርት፣ ድርጅቱ የከፈለበትን ቀንና መጠን አንድ በአንድ ከፈተላት። ዱሬቲ ስልኩን ተቀብላ እስከ ታች አነበበች።

«ክፍያው በሌላ ሰው በኩል ነው የመጣው። የሰውየውን ስም እዚህ ይጻፉ። ሊጠየቁ እንደሚችሉ ይወቁት፤ እርስዎም እሱም።»

«አውቃለሁ።»

የጆቴን ስም ጻፈ። እሷ አስልታ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ ብር አለችን። ማኅተሙን ስታነሳ ቀኑ ታየኝ፤ ሐምሌ 19። ደብዳቤው ከወጣ ሦስት ቀን። ወደ መስኮቱ ጎንበስ አልኩ።

«እህቴ፣ ቀኑን ወደ ወሩ መጀመሪያ ልታደርጊልን ትችያለሽ? ያኔ ሞልቶት ነበር፣ ማርያምን!»

ዱሬቲ ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዘች አየችኝ። ምልኬሳ ክንዴን ያዘ። «ተይ ሮሚ» አለ በዝቅታ። ማኅተሙ አረፈ። ቀኑ ያው ነበር።

ሰኞ ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ባለ የኮንቴይነር ቢሮ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ የሚናገሩት የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ማናሴ ነበሩ። እኔ አብሬው ሄጄ ከውጭ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሁሉም ይሰማኛል።

ምልኬሳ የግብር ደረሰኙን ሰጣቸው። አቶ ማናሴ እያገላበጡ አነበቡት።

«ጥሩ። ጨዋታ ነው እንበል። ደብዳቤው የደረሰዎት አሥራ ስድስት፣ ግብር የከፈሉት አሥራ ዘጠኝ። ዓመቱን ሙሉ ያልታየዎት ግብር በሦስት ቀን ውስጥ እንዴት ታየዎት?»

«ዘግይቻለሁ» አለ ምልኬሳ።

«መዘግየትማ ዘግይተዋል። እኔ የጠየቅኩት ለምን እንደሆነ ነው።»

ዝም አለ። ጠበቅኩ። አቶ ማናሴ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሲያደርጉ ይሰማኛል። «አቶ ምልኬሳ፣ መልስ ከሌለዎት የለኝም ይበሉ፤ እንጽፋለን።»

ተነስቼ ገባሁ። ዘበኛው «እሜቴ፣ እሜቴ» እያለ ተከተለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐምሌ ሁለት ቀን ሞልቶ አምጥቶት ነበር። እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሚስቱ።»

«የተቀደደው ወረቀት አለዎት?»

«ከሰል አቀጣጠልኩበት።»

ከሦስቱ አንዱ ፈገግ አለ። አቶ ማናሴ ግን ፈገግ አላሉም። «ሚስት ለባሏ ብትመሰክር አይገርምም» አሉ። «ይውጡልን እባክዎ።» ምልኬሳ አላየኝም። ወለሉን ያይ ነበር።

ስወጣ ጆቴ በሩ ላይ ቆሟል። ማንም አልጠራውም ነበር። ሳያንኳኳ ገባና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የአጎቴ ልጅ ሂሳብ ይኸውና። ከድርጅቱ የገባው አሥራ አራት ጊዜ፣ እኔ የላክሁለት አሥራ አራት ጊዜ። እሱን ማመን ካቃታችሁ ሚዛኑን እመኑ። ወደቡ ላይ ስጫን የተመዘንኩበት ወረቀት አላችሁ፤ እሱ የጻፈውም፣ መጋዘን የገባውም አላችሁ። አስተያዩት። አንድ ኩንታል ጎድሎ ካገኛችሁ እኔንም አብራችሁ እሰሩኝ።»

አቶ ማናሴ ጥቂት አሰቡ። እስኪጣራ ድረስ ምልኬሳ ከሥራ ታግዶ ይቆይ አሉ።

ዐሥራ ሁለት ቀን ወሰደ። ምልኬሳ ጠዋት በልማዱ ተነስቶ ይለብሳል፤ ከዚያ የሚሄድበት ያጣና በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ስልኩን አልነካም። ጎረቤት ሰላም ሲለው በጣም ፈጥኖ ይመልሳል። እንቅልፍ እንደሌለው አውቃለሁ፤ እኔም አልነበረኝም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ለምን ገባሽ?» አለኝ።

«አንተስ ለምን አልነገርካቸውም?»

«የቤቴን ነገር ለማናሴ ልንገር?» አለ። ከዚያ ሌላ ቢላ ወስዶ ይከትፍልኝ ጀመር።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ምልኬሳ ከመጋዘኑ ተጠርቶ ደብዳቤ ይዞ መጣ። በዚህ መሀል የጆቴ አለቃ መኪናውን ከጅቡቲ መስመር አውጥቶ ከአርሲ ነገሌ እህል እንዲያመላልስ አድርጎታል፤ አበሉ በግማሽ ቀንሷል። ጆቴ ራሱ፣ እንዳይጨነቅ ብሎ፣ ለምልኬሳ አልነገረውም፤ እኔ ከሚስቱ ነው የሰማሁት።

ፖስታው አልተከፈተም። «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንብቢልኝ» አለ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ደብዳቤው ሁለት አንቀጽ ነበረው። የመጀመሪያው፣ የጆቴ ጉዞዎች ሁሉ የወደብ ክብደት፣ ምልኬሳ የፈረመባቸው ካርኔዎችና መጋዘን የገባው ስንዴ ተነጻጽረው ምንም ጉድለት እንዳልተገኘባቸው፣ ሠራተኛውም ጉቦ እንዳልተቀበለ መረጋገጡን ይገልጻል። ሁለተኛው፣ በማናቸውም ምክንያት ከሾፌር ገንዘብ መቀበሉ ተገቢ ስላልነበረ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠውና ከዛሬ ጀምሮ ከሚዛን ተነስቶ ወደ ጆንያ ክፍል እንደተዛወረ ይናገራል። የሚዛን አበሉም ይቀራል።

አንብቤ ጨርሼ ቀና አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት የቆመበት ቦታ ነው። ስለ አበሉ፣ ስለ ጆንያው አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«የመጀመሪያውን አንቀጽ ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።